በቻይና አገር ስለሚገኘው የጄድ ደንጊያና ስለ ዐሥራ ኹለቱ የዘመን እንስሶች

የቻይና ሰዎች ከወርቅ አብልጠው የሚያከብሩት አንድ ደንጊያ አለ። እነርሱ በቋንቋቸው «ዩ» ይሉታል፤ አውሮጳውያን ግን «ጄድ» ብለው ሰይመውታል። አንዳንድ ሰዎች በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈው ኢያሰጲድ ይኸው ነው ሲሉ ሰምተናል፤ ነገር ግን ኢያሰጲድ ሌላ ደንጊያ ነው፤ ባሕርዩም ከዚህ ጋራ አይገናኝም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመጻፍ ያሰብነው ስለዚሁ ደንጊያና ከርሱ ስለሚቀረጹት ስለ ዐሥራ ኹለቱ የዘመን እንስሶች ነው፤ ደግሞም እነዚህን የጥንት ቅርጾች ለመሰብሰብ የሚወድ ሰው በአገሩ ሲዘዋወር የሚያየውንና የሚያሳስበውን ነገር እንጨምርበታለን። የዘመኑን ቍጥር የጻፍነው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የኾነውን ግን በየስፍራው እናመለክታለን።

የደንጊያው ዋነኛ አገር ከቤጂንግ እጅግ ርቆ በምዕራብ በኩል በሺንጅያንግ ግዛት ያለው የኾታን ከተማ ነው። ከከተማው በስተ ደቡብ በረዶ የለበሱት የኩንሉን ተራሮች አሉ። ከነዚህም ተራሮች ኹለት ወንዞች ይወርዳሉ። አንደኛው ዩሩንግካሽ ይባላል፤ ትርጓሜውም ነጭ ጄድ ማለት ነው፤ ኹለተኛውም ካራካሽ ይባላል፤ እርሱም ጥቍር ጄድ ማለት ነው። በሙቀት ወራት በረዶው ሲቀልጥ ጐርፉ ደንጊያውን ከተራራው እየፈነቀለ ያወርደዋል፤ በመፀው ወራት ውሃው ሲጐድል የአገሩ ሰዎች ወደ ወንዙ ገብተው ይፈልጉታል። ሶንግ ዪንግሺንግ የሚባል የቻይና ሊቅ በ1637 ዓ.ም. ስለ ልዩ ልዩ የእጅ ጥበብ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰዎቹ ጄዱን በመፀው ጨረቃ ብርሃን እንደሚፈልጉት ጽፏል። ከወንዝ የተለቀመው ደንጊያ ከተራራ ከተፈለጠው ይልቅ ይወደዳል፤ ምክንያቱም ወንዙ ስንጥቅ ያለበትን ክፍል በመንገድ እየሰበረ ጥሎ ጽኑውን ብቻ ስለሚያደርስ ነው። ከኹሉ የሚበልጠው ነጩ ነው፤ የቻይና ሰዎችም «የበግ ስብ» ይሉታል፤ በእጅ ይዞ የተመለከተው ሰው ስሙ የተገባው መኾኑን ወዲያው ያውቃል። በቅርብ ጊዜ ግን የወንዙ ዳር በመቈፈሪያ መኪና ስለ ታረሰ የወንዝ ጄድ እያነሰ ዋጋውም እየናረ ሔዷል።

ጄድ በሚል አንድ ስም የሚጠሩት ደንጊያዎች ኹለት ናቸው። ይህንም የለየው ዳሙር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ነው፤ በ1863 ዓ.ም. መርምሮ አንደኛው ኔፍራይት፣ ኹለተኛው ጄዳይት መኾኑን አስታወቀ። የኾታን ደንጊያ ኔፍራይት ነው። ጄዳይት ግን ከበርማ፣ ዛሬ ሚያንማር ከምትባለው አገር፣ ከሰሜኑ ከካቺን ምድር የሚወጣ ሲኾን፣ ወደ ቻይና በብዛት መግባት የዠመረው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ነጋዴ ብሩህ አረንጓዴ የኾነ ጄዳይት አሳይቶ «ይህ የሺሕ ዓመት ዕቃ ነው» ቢል ነገሩ ከታሪክ ጋራ አይስማማም።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንናገራለን። ጄድ እንደ እንጨት በቢላዋ አይቀረጽም፤ የብረት ስለት አይበላውምና። የጥንት ጥበበኞች ከርሱ የሚጠነክር አሸዋ በውሃ እያራሱ በደንጊያው ላይ ያፈሱና በእግር በሚረገጥ መዘውር የሚዞር የብረት ክብ እያስነኩ ያፍቁት ነበር። እንግዲህ ደንጊያውን የሚቈርጠው ብረቱ ሳይኾን አሸዋው ነው። ጣት የምታህል አንዲት ጥንቸል ለማውጣት ብዙ ቀን፣ ጆሮዋንና እግሯን ለመለየትም ብዙ ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። የዚህ ጥበብ ስመ ጥር ከተማ ሱጆው ናት። የቺንግ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ በ1759 ዓ.ም. የኾታንን አገር ከያዘ በኋላ ደንጊያው በየዓመቱ በግብር ወደ ቤተ መንግሥቱ ይመጣ ዠመር፤ ሠራተኞቹም በዙ። በእርሱ ትእዛዝ የተሠራ አንድ የጄድ ተራራ በቤጂንግ ቤተ መዘክር ቆሞ ይታያል፤ ቁመቱ 224 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም 5,000 ኪሎ ያህል ነው፤ በ1787 ዓ.ም. ተፈጸመ። እኛ ግን ትልቁን ትተን ወደ ትንንሾቹ እንመለስ።

የቻይና ሰዎች ዘመንን በዐሥራ ኹለት እንስሶች ይቈጥራሉ። እነርሱም አይጥ፣ በሬ፣ ነብር፣ ጥንቸል፣ ዘንዶ፣ እባብ፣ ፈረስ፣ በግ፣ ጦጣ፣ አውራ ዶሮ፣ ውሻና ዐሣማ ናቸው። ነብር ስንል በአገራችን ያለውን ነጠብጣቡን ሳይኾን በእስያ ዱር የሚኖረውን ባለ ሸንተረሩን ነው። ዘንዶም በእኛ ዘንድ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ የረገጠው ክፉ አውሬ ሲኾን፣ በእነርሱ ዘንድ ዝናምን የሚያዘንም የበረከት ጌታ፣ የነገሥታትም ምልክት ነው፤ ባለ አምስት ጥፍሩን ዘንዶ መልበስ ለንጉሠ ነገሥቱ የተለየ ነበር። እኛም ዘመኑን በአራቱ ወንጌላውያን፣ በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ ስለምናዞር፣ ወንጌላውያኑም በሥዕል ገጸ ሰብእ፣ ገጸ አንበሳ፣ ገጸ ላሕምና ገጸ ንስር ስላሏቸው፣ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የቻይናዎቹ ዐሥራ ኹለቱ በዐውደ ነገሥት እንዳሉት እንደ ሐመልና እንደ ሠውር የሰማይ ከዋክብት አይደሉም፤ የዓመታትና የሰዓታት ስሞች ናቸው እንጂ።

ይህ አቈጣጠር እጅግ ያረጀ ነው። በ1975 ዓ.ም. በኹቤይ ግዛት ሹዪኹዲ በሚባል ስፍራ የአንድ ሹም መቃብር ተቈፍሮ በቀርከሃ ላይ የተጻፉ ጽሑፎች ተገኙ፤ መቃብሩ በ217 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተዘጋ ነው። ከነዚያም ጽሑፎች በአንዱ የእንስሶቹ ስም ተዘርዝሯል፤ ጥቂቶቹ ከዛሬዎቹ የተለዩ ናቸው፤ በፈረስ ስፍራ አጋዘን ቆሟል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመዠመሪያው መቶ ዓመት የነበረው ዋንግ ቾንግ የተባለው ሊቅ ግን ዛሬ በሚታወቀው ዐይነት ጽፏቸዋል። እስከ ዛሬም ድረስ ቻይናዊ የሽማግሌ ዕድሜ ለማወቅ ሲፈልግ «ስንት ዓመትዎ ነው?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «የተወለዱበት እንስሳ ማን ነው?» ማለትን ይመርጣል። ጨዋነት ያለበት አጠያየቅ መኾኑን ማንም ሊክደው አይችልም። ሰው የተወለደበት እንስሳ ተመልሶ በመጣበት ዓመት፣ ማለት በ12፣ በ24፣ በ36 ዓመቱ፣ ክፉ ነገር እንዳያገኘው ቀይ መታጠቂያ ይታጠቃል። ወላጆችም ለልጃቸው የተወለደበትን እንስሳ በጄድ አስቀርጸው በአንገቱ ያንጠለጥሉለታል።

ከጄድ እንስሳ መቅረጽ ከዚህ አቈጣጠር የቀደመ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1200 ዓመት ገደማ የነበረችው የንጉሥ ሚስትና የጦር አለቃ ፉ ኻኦ መቃብሯ በ1976 ዓ.ም. በአንያንግ ሲከፈት 755 የጄድ ዕቃዎች ወጥተዋል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ እንስሶች ናቸው። በሃን መንግሥት ጊዜ ደግሞ በሟች እጅ ውስጥ ከጄድ የተሠራ ዐሣማ ያስይዙ ነበር፤ ዐሣማው በጥቂት መሥመር ብቻ የተቈረጠ ነው፤ ኾኖም ሕይወት ያለበት ይመስላል። ዐሣማ የሀብት ምልክት ስለ ኾነ ሟቹ ባዶ እጁን እንዳይሔድ ብለው ነው ይላሉ። ዐሥራ ኹለቱን በሙሉ በአንድ ተርታ አድርጎ ከጄድ መሥራት የበዛው ግን በቺንግ ጊዜ ነው፤ አንዳንዶቹም እንስሳው በራሱ መልክ ሳይኾን ራሱ የእንስሳ፣ ገላው የሰው ኾኖ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሶ እንደ ሹም ተቀምጦ ይታያል። ስለዚህ የሚሰበስብ ሰው በመዠመሪያ ሊያውቀው የሚገባው፣ በገበያ ያለው የጥንት የጄድ በሬ ወይም ፈረስ ኹሉ የዘመን እንስሳ ተብሎ አለመሠራቱን ነው። ነጋዴዎች አንዱን ከአንድ ቤት፣ አንዱን ከሌላ ቤት እየለቀሙ ዐሥራ ኹለት ሲሞላላቸው በሐር ሣጥን አስተኝተው «ሙሉ ነው» ይላሉ። የደንጊያው መልክ፣ የዐይኑ አቈራረጥ፣ የማንጠልጠያው ቀዳዳ አበሳስ እርስ በርሱ ካልተስማማ ሣጥኑ ብቻ ነው ሙሉ።

በነዚህ ቅርጾች እኛን እጅግ ደስ ያሰኘን በውስጣቸው የተሰወረው ቅኔ ነው። የእኛ ሊቃውንት በአንድ ቃል ሰምና ወርቅ እንደሚያኖሩ፣ የቻይና ጥበበኞችም በደንጊያ ላይ ያኖራሉ። ጦጣ በፈረስ ላይ ተቀምጣ የተቀረጸች እንደ ኾነ ሰሙ ጨዋታ ነው፤ ልጆችም አይተው ይስቃሉ። ወርቁ ግን ሌላ ነው። በቋንቋቸው «ማ ሻንግ» ማለት «በፈረስ ላይ» ማለት ሲኾን «ወዲያው» ማለትም ይኾናል፤ «ሆው» የሚለው ድምፅ ጦጣም ነው፣ ከፍተኛ የመኳንንት ማዕርግም ነው። እንግዲህ ዕቃው «ሹመት ፈጥኖ ይምጣልህ» ማለት ነው። በፈረሱ አጠገብ ንብ ከታከለች «ፌንግ» የሚለው የንብ ስም «ማዕርግ መስጠት» ከሚለው ቃል ጋራ ስለሚገጥም ምርቃቱ የተሟላ ይኾናል። የአውራ ዶሮ ኵክኒ ስሙ «ጓን» ነው፤ ሹምም «ጓን» ነው። ሦስት በጎች በአንድነት ተኝተው የተቀረጹ እንደ ኾነ፣ «ያንግ» የሚለው የበግ ስም ከፀሓይ ስም ጋራ አንድ ስለሚኾን፣ የአዲስ ዓመት ብርሃን መግቢያ ምኞት ነው። ፈተና ለሚፈተን ወጣት፣ ለሹመት ለሚጠባበቅ መኰንን እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰጥቶ አንዲት ቃል ሳይናገሩ መመለስ፣ በእውነቱ ከብዙ የምልጃ ንግግር ይሻላል።

በቤጂንግ የጥንት ዕቃ የሚሸጥበት የታወቀ ስፍራ ኹለት ነው። አንደኛው ከቺንግ ዘመን ዠምሮ የመጻሕፍት፣ የሥዕልና የጥንት ዕቃ ገበያ የኾነው የልዩሊቻንግ መንገድ ነው፤ ሱቆቹ ያማሩ፣ ነጋዴዎቹም ትሑታን ናቸው፤ ሻይ ሳያጠጡ ዋጋ አይናገሩም። ኹለተኛው ፓንጅያዩዋን የሚባለው ሰፊ ገበያ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ሰው ሳይነጋ መብራት ይዞ ይሰበሰብበታል። እኛም በዚያ ስንዘዋወር አንዲት አሮጊት በመሬት ላይ ባነጠፉት ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ከሌላው ዕቃ ጋራ አንድ የተኛ ፈረስ አኑረው አየን። ፈረሱ አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ ጅራቱን ይመለከታል፤ ደንጊያው ወደ ግራጫ ያደላ ነጭ ኾኖ በአንድ ወገን የወንዙ ቡናማ ቅርፊት ቀርቶበታል። ዘመኑን በአስተርጓሚ ብንጠይቃቸው «የቺያንሎንግ ነው» አሉን። «እንግዲህ እናቴ፣ የመንግሥት ወረቀት አለውን?» ብንል ሣቁና «ጌታዬ፣ ወረቀት ያለውማ እዚህ በመሬት ላይ ምን ሊያደርግ ይቀመጣል?» አሉ።

በዚህ በአሮጊቲቱ ቃል ውስጥ ነገሩ ኹሉ አለ። የቻይና መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ከ1911 ዓ.ም. በፊት የተሠራ የጥንት ዕቃ በጠቅላላው ከአገር እንዳይወጣ ተከልክሏል፤ ቀድሞ በብዙው ዐይነት ዕቃ ፈጽሞ የተከለከለው ከ1795 ዓ.ም. በፊት የተሠራው ነበር። እንዲወጣ የተፈቀደው ዕቃ በቀይ ሰም የታተመ የመንግሥት ማኅተም አለበት። ስለዚህ እንግዳ ሰው በፓንጅያዩዋን ቆሞ ሲጫረት በኹለት መንገድ መካከል ነው፤ ሻጩ እውነት ተናግሮ እንደ ኾነ ዕቃው ከአገር አይወጣም፤ ዋሽቶም እንደ ኾነ ዕቃው ገንዘቡን አያወጣም። እኛም ፈረሱን በእጃችን አገላብጠን መልሰን በጨርቁ ላይ አኖርነው። አሮጊቲቱም ዋጋውን ሦስት ጊዜ እየቀነሱ ከኋላችን ጠሩን።

ሰው ግን ከቻይና ውጭ፣ በሆንግ ኮንግ ወይም በአውሮጳ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ ዕቃ ያጋጥመዋልና መለያውን ማወቅ ይገባዋል። እውነተኛ ጄድ በእጅ ሲይዙት ይቀዘቅዛል፤ ከመጠኑም ይልቅ ይከብዳል። በውሃ ውስጥ ቢመዘን ኔፍራይት በልኩ ካለው ውሃ 3 እጥፍ ያህል፣ ጄዳይት 3.3 እጥፍ ያህል ይኾናል። የብረት ቢላዋ አይጭረውም፤ በስሙ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሰርፐንቲን የሚባለው ለስላሳ አረንጓዴ ደንጊያ ግን ይጫራል። ይሁን እንጂ የሰው ዕቃ በቢላዋ የሚጭር ሰው ዕዳ ውስጥ ይገባልና ይህን በሚዛን መተካት ይሻላል። ደንጊያው እውነተኛ መኾኑ ከታወቀ በኋላ ዘመኑን መለየት ከኹሉ የሚከብደው ነው። ዛሬ ጄድ የሚቈረጠው በኤሌክትሪክ በሚዞር፣ የአልማዝ ዱቄት በተለበጠ መሣሪያ ነው፤ በማጕያ መነጽር ሲታይ መሥመሩ ቀጥ ያለና ጠርዙ የተሳለ ነው። የአሸዋው ሥራ ግን ለስለስ ያለ፣ በጥልቀቱም ወጣ ገባ የሚል ነው። በብዙ ትውልድ እጅ የታሸ ዕቃ የጠርዙ ሹልነት ሞቶ ቅባት ያለው ይመስላል። አታላዮች ይህን ስለሚያውቁ አዲሱን ደንጊያ በእሳት ያነጡታል፣ በአሲድ ይነክሩታል፣ ቅርፊት እንዲመስል በቀለም ያጠቍሩታል። የሃን ዘመን ዐሣማ በጥቂት መሥመር የሚፈጸም ስለ ኾነ ለእነርሱ ቀላል ሥራ ነው፤ ከኹሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባውም በርሱ ነው። ደግሞም የጥንቱን መምሰል ዛሬ የተዠመረ አይደለም፤ በሶንግም በቺያንሎንግም ዘመን ሠራተኞች የቀደሙትን ነገሥታት ዘመን ዕቃ እያስመሰሉ ይሠሩ ነበር፤ እነዚያም ማስመሰያዎች ዛሬ ራሳቸው የከበሩ ጥንታውያን ኾነዋል።

ከውጭ አገር ሰብሳቢዎች እጅግ የታወቀው ኼበር ቢሾፕ የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ ነው። ከሺሕ የሚበልጡ የጄድ ዕቃዎች ሰብስቦ በ1902 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ላለው ለሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ሰጠ፤ ከነዚህም ውስጥ የዐሥራ ኹለቱ የዘመን እንስሶች ሙሉ ተርታ ይገኛል። ስለ ስብስቡ የተጻፈው ትልቅ መጽሐፍ እርሱ ከሞተ በኋላ በ1906 ዓ.ም. በ100 ቅጅ ብቻ ታትሞ ለነገሥታትና ለቤተ መጻሕፍት ታደለ እንጂ አልተሸጠም።

ዕቃው እንዴት ከአገሩ እንደ ወጣ መጠየቅ ግን ከደንጊያው ምርመራ አያንስም። ከቤጂንግ አጠገብ ዩዋንሚንግዩዋን የሚባል የነገሥታቱ የአትክልትና የመዝናኛ ቤተ መንግሥት ነበር። በ1860 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ገብቶ ዘረፈው፤ ከዚያም በሎርድ ኤልጊን ትእዛዝ ተቃጠለ። የእንግሊዝ ጦር የማረከውን እዚያው በሐራጅ ሸጦ ገንዘቡን ለወታደሮቹ አካፈለ። ከ1861 ዓ.ም. ዠምሮም በፓሪስና በሎንዶን ሐራጅ ቤቶች ጄዱ፣ ሸክላውና ሐሩ «ከበጋው ቤተ መንግሥት የመጣ» እየተባለ ተሸጠ፤ ይህ ቃልም የዋጋ መጨመሪያ ኾነ። በዚያ ዘመቻ የእንግሊዝን ኹለተኛ ክፍለ ጦር ያዘዘው ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ነበር። ይህ ስም ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1868 ዓ.ም.፣ በእኛ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ወደ መቅደላ የወጣው፣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላም መጻሕፍቱና ንዋያተ ቅድሳቱ ተጭነው በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሲሸጡ ጦሩን ያዘዘው እርሱ ነው። የኹለቱ አገሮች ዘረፋ በየአቈጣጠሩ በአንድ ቍጥር፣ በ1860፣ መጻፉ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ የአዛዡ አንድነት ግን አጋጣሚ አይባልም።

ስለዚህ የጥንት የጄድ እንስሳ በሎንዶን ወይም በፓሪስ ሲቀርብልን ከደንጊያው በፊት ወረቀቱን ጠየቅን፤ ማን ከማን ገዛው፣ መቼ ከቻይና ወጣ የሚለውን። ብዙ ሻጮች በዚህ ጥያቄ ፊታቸው ይለወጣል። ጥቂቶች ግን የአያታቸውን የግዢ ደረሰኝ አውጥተው ያሳያሉ፤ ከእነርሱ ጋራ መነጋገር ይቻላል። ለልጆቹ የየልደታቸውን እንስሳ ሊሰጥ የሚወድ አባት ደግሞ የጥንቱን ሳይሻ ዛሬ በሱጆው ያሉ ጥበበኞች የሚሠሩትን፣ አዲስ መኾኑ ያልተሰወረውን ቢገዛ ማኅተምም ጭንቀትም አያስፈልገውም።

በዩዋንሚንግዩዋን ደግሞ በጣልያናዊው በካስቲልዮኔ ንድፍ፣ በፈረንሳዊው በቤኗ የውሃ ጥበብ የተሠራ አንድ ፏፏቴ ነበር። ዐሥራ ኹለቱ እንስሶች የሰው ገላና የነሐስ ራስ ኖሯቸው በዙሪያው ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ በተራው ለኹለት ሰዓት ውሃ ከአፉ ይተፋ ነበር፤ በቀትርም ዐሥራ ኹለቱ በአንድነት ይተፉ ነበር። ራሶቹ ከዘረፋው በኋላ ተበታተኑ። በ2000 ዓ.ም. የበሬው፣ የነብሩና የጦጣዋ ራስ በሆንግ ኮንግ ሐራጅ በቻይና ኩባንያ ተገዙ። በ2009 ዓ.ም. የአይጡና የጥንቸሉ ራስ በፓሪስ ሲጫረቱ ዋጋው ከ31 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ደረሰ፤ ያሸነፈው ቻይናዊ ግን በመርሕ ምክንያት ገንዘቡን አልከፍልም አለ፤ በ2013 ዓ.ም. የፈረንሳዩ የፒኖ ቤተ ሰብ ኹለቱን ያለ ዋጋ ለቻይና መለሰ። የዐሣማውና የፈረሱ ራስም በአንድ የማካው ባለጸጋ ተገዝተው ተመልሰዋል፤ ፈረሱ በ2020 ዓ.ም. ወደዚያው ወደ ዩዋንሚንግዩዋን ገባ። ዘንዶው፣ እባቡ፣ በጉ፣ አውራ ዶሮውና ውሻው አልተመለሱም። ፏፏቴው ከነበረበት ስፍራ ዛሬ የቀረው የፈረሰ ግንብና እንደ ባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠረበ አንድ ትልቅ ደንጊያ ነው፤ ውሃ የለበትም፤ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ከአስተማሪያቸው ጋራ በዙሪያው ቆመው ዐሥራ ኹለቱን በስማቸው ሲቈጥሩ አየን።